ጆሮን ማየትና መስማትን መመዘን፦ ከምርመራዎቹ የትኛውን፣ መቼ?

ዕድሜው አርባን ያለፈ አንድ ሰው ጠዋት ሲነሳ የቀኝ ጆሮው ድፍን ብሎ ጠበቀው። በማግስቱ ወደ እኔ መጣ። የጆሮን ውስጥ በብርሃን በሚያሳየው መሣሪያ፣ በኦቶስኮፕ፣ አየሁት፤ ኩክ ነበረው። ኩኩን የሚያለሰልስ ጠብታ ሰጥቼ በሳምንቱ እንዲመለስ ነገርኩት። የተመለሰው ግን በሦስተኛው ሳምንት ነው። ኩኩ ጠርቷል፣ ታምቡሩ ፍንትው ብሎ ይታያል፣ ጆሮው ግን አሁንም አይሰማም። ቱኒንግ ፎርክ፣ ሲመታ አንድ ድምፅ የሚያወጣውን ሹካ መሰል ብረት፣ ከመሳቢያ ያወጣሁት ያን ጊዜ ነው። ችግሩ የነርቭ ነበር፤ ድንገት የሚመጣው ዓይነት፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መድኃኒት ቢጀመር መስማቱ የመመለስ ዕድሉ የሚጨምርለት። ሰውየው የነገረኝ ስለ መስማቱ ነበር፤ እኔ የመለስኩለት ስለ ጆሮው ቀዳዳ። ያ ቀን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

ጆሮ የሚመረመርባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ሹክሹክታ አለ፣ ኦቶስኮፕ አለ፣ ቱኒንግ ፎርክ አለ፣ መስማትን በቁጥር የሚመዘግበው ኦዲዮግራም አለ፣ መናገር ለማይችሉ ሕፃናት የተሠሩ መሣሪያዎችም አሉ። "ከእነዚህ የቱ ይበልጣል?" ብሎ የሚጠይቀኝ ተማሪ አይጠፋም። "ለምኑ?" ብዬ ነው የምመልሰው። አንዱ መስማት መቀነሱን ይናገራል። ሌላው ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ይጠቁማል። ሦስተኛው በቁጥር ይለካል። ኦቶስኮፕ ደግሞ ጆሮው ምን እንደሚመስል ያሳያል እንጂ ስለ መስማቱ አንዲት ቃል አይናገርም። ስህተት የሚመጣው አንዱን ምርመራ የሌላውን ጥያቄ እንዲመልስ ስናስገድደው ነው።

ከመሣሪያው በፊት

መሣሪያ ሳይነሳ የሚጠየቁ ጥቂት ጥያቄዎች ምርመራውን ግማሽ መንገድ ያደርሱታል። አንድ ጆሮ ነው ወይስ ሁለቱም? ድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ? ሕመም፣ መግል፣ የጆሮ ጩኸት፣ ማዞር አለ? ጆሮ የሚያደነቁር ድምፅ ባለበት ሥራ ቆይቷል? ጄንታማይሲን፣ አሚካሲን፣ ስትሬፕቶማይሲን ወይም ለካንሰር የሚሰጠውን ሲስፕላቲን ወስዷል? ከቤተሰብ በወጣትነቱ መስማት ያቃተው ሰው አለ?

ከሁሉ በላይ በሽተኛው የሚናገርበትን ቃል ልብ በሉ። "ጆሮዬ ተደፈነ" የሚል ሰውና "ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይልኝም" የሚል ሰው ያለባቸው ነገር ብዙ ጊዜ የተለያየ ነው። ሁለተኛው አነጋገር በዕድሜ ምክንያት ከፍተኛ ድግግሞሽ ያላቸውን፣ ማለትም ቀጫጭን ድምፆች መስማት ያቆመ ሰው ዓይነተኛ አቤቱታ ነው። አናባቢዎቹ ጉልበት ስላላቸው ይደርሱታል። እንደ ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ተ ያሉት ስስ ተነባቢዎች ግን ይጠፉበታል። ስለዚህ "ሰማ" እና "ሸማ"፣ "ጠፋ"፣ "ከፋ" እና "ሰፋ" ይምታቱበታል። ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ደግሞ ይብስበታል። ብዙዎቹ በራሳቸው አይመጡም፤ ይዘዋቸው የሚመጡት ልጆቻቸው ወይም የትዳር ጓደኞቻቸው ናቸው። ቤተሰቡ "ቴሌቪዥኑን ያስጮኸዋል" ሲል ስሞታ አድርጋችሁ አትለፉት፤ ምልክት ነው።

ዓይን የሚያየው፦ ኦቶስኮፕና ዘመዶቹ

የጆሮ ቀዳዳ ተደፍኗል ወይ፣ ታምቡሩ ተቀዷል ወይ፣ ኢንፌክሽን አለ ወይ ለሚሉት ጥያቄዎች ኦቶስኮፕ ተወዳዳሪ የለውም። የእጅ ባትሪ የውጩን ክፍልና የቀዳዳውን አፍ ብቻ ያሳያል። በስልክ ላይ የሚሰካው ትንሽ ካሜራ ጥሩ ምስል ይሰጣል፣ ምስሉን ለስፔሻሊስት መላክ ሲያስፈልግም በእጅጉ ይጠቅማል። ሰዎች ግን በቤታቸው እያዩበት ኩክ ለመጫር ሲጠቀሙበት ታምቡር ይጎዳል። ለዚያ ሥራ አልመክረውም።

አያያዙ ውጤቱን ይወስነዋል። የአዋቂን ጆሮ ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ የትንሽ ልጅን ጆሮ ወደ ታችና ወደ ኋላ ስትስቡት መንገዱ ይቃናል። ጫፉ ላይ የሚሰካውን ሾጣጣ ስትመርጡ ሳያሳምም ከሚገባው ትልቁን ውሰዱ፤ ትንሹ ለበሽተኛው የተመቸ ይመስላል እንጂ ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚያሳምመው እሱ ነው። መሣሪያውን እንደ እርሳስ ይዛችሁ ትንሿን ጣት በጉንጩ ላይ ብታሳርፉ፣ ልጁ ጭንቅላቱን ቢያወዛውዝ እጃችሁ አብሮ ይሄዳል። ከማይታመመው ጆሮ ጀምሩ፤ የዚያ ሰው ጤነኛ ታምቡር ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፣ መግልም ከአንዱ ወደ ሌላው አታሸጋግሩም። ደግሞ ሾጣጣውን ከማስገባታችሁ በፊት ከጆሮ ጀርባ ያለውን ቆዳ እዩ። ተማሪዎች በብዛት የሚዘነጉት ይህን ነው። የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ወይም እብጠት ያለው እዚያ ሊሆን ይችላል። ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ለፊት ያለችውን ትንሽ ጉብታ ስትጫኑ በሽተኛው ካመመው፣ ኢንፌክሽኑ የውጪው ቀዳዳ መሆኑን አስቡ።

ጤነኛ ታምቡር እንደ ዕንቁ ግራጫ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ ወደ ታችና ወደ ፊት ባለው ክፍሉ ላይ ባለሦስት ማዕዘን የብርሃን ነጸብራቅ ይታይበታል። ቀይና ወደ ውጪ የተገፋ ከሆነ የመካከለኛው ጆሮ ድንገተኛ ኢንፌክሽን፣ ወደ ውስጥ የተሳበና አምበርማ ቀለም ያለው ከሆነ ከኋላው ፈሳሽ አለ። ብዙ ሰው መሃሉን አይቶ ይወጣል። የምለምናችሁ የላይኛውን ጥግ ሳታዩ እንዳትወጡ ነው። እዚያ ላይ የተጋገረ ቅርፊት ወይም ነጭ ነገር ካለ፣ በተለይ ጆሮው የሚሸት ፈሳሽ የሚያወጣ ከሆነ፣ ኮሌስቴአቶማ ሊሆን ይችላል። ይህ አጥንት እየበላ የሚሄድ የቆዳ ስብስብ ነው፤ በጠብታ አይድንም፣ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል።

ስለ ኩክ ጥቂት ልበል። ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ ሊደፈን ካልተቃረበ ኩክ መስማትን ብዙም አይቀንስም። ስለዚህ ጥቂት ኩክ አይቶ "ምክንያቱ ይህ ነው" ማለት ትክክል አይደለም፤ እኔን ያሳሳተኝም ይኸው ነው። ለማውጣት ሦስት ምርጫዎች አሉ። ጠብታ ቀላል ቢሆንም ቀናት ይወስዳል። በውኃ ማጠብ ፈጣን ነው፣ ውኃው ግን እንደ ሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ካልሆነ ማዞር ያመጣል፤ ታምቡሩ የተቀደደ፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወይም የሚሰማ ጆሮው እሱ ብቻ የሆነ ሰው ላይ አይሞከርም። በእነዚህ ሰዎች ላይ በዓይን እያዩ በመምጠጫ ማውጣት ይሻላል። ልጁ የሰዓት ባትሪ ጆሮው ውስጥ ከከተተ ውኃ ጨርሶ አይገባም። ባትሪው በሰዓታት ውስጥ ሥጋ ስለሚያቃጥል ወዲያው ይውጣ። ባቄላ ወይም ሌላ ፍሬ ከሆነም ውኃ ያሳብጠዋል።

ከታምቡር ኋላ ፈሳሽ መኖሩን ለማወቅ ተራ ኦቶስኮፕ ብዙ ጊዜ ያታልላል። ቀለሙ እምብዛም ሳይለወጥ ፈሳሽ ሊኖር ይችላል። አየር የሚነፋ ፊኛ ያለው ኦቶስኮፕ ካላችሁ ታምቡሩ ሲነፋ ይንቀሳቀስ እንደሆነ እዩ፤ የማይንቀሳቀስ ታምቡር ፈሳሽ እንዳለ በብርቱ ያስጠረጥራል። ቲምፓኖሜትሪ ይህንኑ በመሣሪያ ይሠራዋል፣ የመርማሪው እጅ የመልመዱና ያለመልመዱ ጉዳይም አይነካውም። ውጤቱ በመስመር ይወጣል። ጫፉ ዜሮ አካባቢ ያለ ኮረብታ ዓይነት ኤ ይባላል፤ የመካከለኛው ጆሮ ግፊት ጥሩ ነው። ዝርግ መስመር ዓይነት ቢ ነው፤ ፈሳሽ፣ የታምቡር መቀደድ ወይም ኩክ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው የሚያሳየው የጆሮ ቀዳዳው መጠን ከልኩ በላይ ከሆነ ታምቡሩ ተቀዷል ማለት ነው። ጫፉ ወደ ዝቅተኛ ግፊት የሸሸ ኮረብታ ዓይነት ሲ ነው። ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት በተለመደው የ226 ኸርዝ (የድምፅ ድግግሞሽ መለኪያ) ድምፅ ምትክ የ1000 ኸርዝ ይጠቀሙ፤ በ226ቱ ፈሳሽ ያለበት ጆሮ ጤነኛ መስሎ ሊያልፍ ይችላል። የነርቭ ችግር ያለበት ሰውም ፍጹም የሆነ ዓይነት ኤ ሊያወጣ ስለሚችል ቲምፓኖሜትሪ የመስማት ምርመራ አይደለም።

መስማት ቀንሷል ወይስ አልቀነሰም?

እዚህ ላይ አቋሜን በግልጽ ልናገር፦ መሣሪያ በሌለበት ክፍል ውስጥ መቀነሱን ለማወቅ ሹክሹክታ ቱኒንግ ፎርክን ይበልጣል። ብዙ ክፍሎች ውስጥ የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው። ፎርኩ ይመታል፣ "ይሰማዎታል?" ይባላል፣ "አዎ" ይላሉ፣ "መስማት ጤነኛ ነው" ተብሎ ይጻፋል። ይህ ምርመራ አይደለም። ፎርኩ የሚያወጣው ድምፅ አንድ ብቻ ነው፣ ጥንካሬውም እንደ አመታታችሁ ይለያያል።

ሹክሹክታን በሥርዓት መሥራት ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ከንፈራችሁን እንዳያነብ ከበሽተኛው ጀርባ አንድ ክንድ፣ ማለትም 60 ሴንቲሜትር ያህል ርቃችሁ ቁሙ። የማይመረመረውን ጆሮ ጉብታዋን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋችሁ በጣት ክብ ክብ እያሻሻችሁ ድፈኑት። አየር በሙሉ ካስወጣችሁ በኋላ ሦስት ቁጥርና ፊደል ያቀላቀለ ነገር በሹክሹክታ ተናገሩ፤ ለምሳሌ "ስድስት፣ ለ፣ ሁለት"። አየር ማስወጣቱ ጥቅም አለው፤ ሳንባችሁ ሙሉ ሆኖ ስታንሾካሹኩ ድምፃችሁ ከሰው ሰው፣ ከቀን ቀን ይለያያል። ሦስቱንም ከመለሰ አልፏል። ካልመለሰ ሌላ ጥምረት ሞክሩ፤ ከስድስቱ ቢያንስ ሦስቱን ከመለሰ አልፏል። ለሌላው ጆሮ አዲስ ጥምረት ተጠቀሙ፤ አስታውሶ የሚመልስ አለ። በአዋቂዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ሲደመሩ፣ ከ30 ዴሲቤል (የድምፅ ጉላት መለኪያ) በላይ ከቀነሰባቸው ሰዎች ከ90 እስከ 100 በመቶ የሚሆኑትን ይህ ዘዴ ይይዛል፤ መስማታቸው ደህና ከሆነው ደግሞ ከ80 እስከ 87 በመቶ የሚሆኑትን በትክክል ያሳልፋል። ድክመቱ የመርማሪው ድምፅና የክፍሉ ጫጫታ ነው። በር ዝጉ።

ጣትን ከጣት ማፋተግና የሰዓት ምት ማስደመጥ ከሹክሹክታ ያነሱ ናቸው። የጣቱን ፍትጊያ ጨርሶ ያልሰማ ሰው ችግር አለበት ማለት ይቻላል፤ የሰማ ሰው ግን ነፃ ነው ማለት አይቻልም። "መስማት ያስቸግርዎታል?" የሚለው አንድ ጥያቄ ርካሽና ፈጣን ነው፣ ግን ቀስ በቀስ የሚመጣን ጉድለት ባለቤቱ ራሱ ስለማያውቀው ብዙ ያመልጠዋል። ለአረጋውያን 10 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ። "አዎ" 4፣ "አንዳንዴ" 2፣ "የለም" 0 ያገኛል፤ ድምሩ 10 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ተጨማሪ ምርመራ ይገባል። እሱ የሚነግራችሁ ጉድለቱ ኑሮን ምን ያህል እንደጎዳ ነው። ዴሲቤሉ እኩል የሆነ ሁለት ሰው በዚህ መጠይቅ እጅግ ሊራራቅ ይችላል፤ የመስሚያ መሣሪያ ማን እንደሚጠቀምበት የሚጠቁመውም ከቁጥሩ ይልቅ ይህ ነው።

በስልክ የሚሠሩ መተግበሪያዎችም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው መተግበሪያ በጫጫታ ውስጥ የሚነገሩ ቁጥሮችን በማስደመጥ ይሠራል። ጫጫታ ውስጥ ቃል መለየት ሰዎች የሚቸገሩበት ዋናው ነገር ስለሆነ ሐሳቡን እወደዋለሁ። ለራስ ማጣሪያ ይሁን፤ ችግሩ የነርቭ ይሁን የመካከለኛው ጆሮ አይለይም።

ችግሩ የቱ ጋ ነው?

የመስማት ጉድለት በሁለት ትልልቅ ክፍሎች ይከፈላል። ድምፁ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ሳይደርስ መንገድ ላይ ከቀረ፣ ማለትም በኩክ፣ በተቀደደ ታምቡር፣ በፈሳሽ ወይም በትንንሾቹ አጥንቶች መድረቅ ምክንያት ከሆነ፣ የመተላለፊያ ችግር ነው። ድምፁን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጠው የውስጠኛው ጆሮ ክፍል፣ ማለትም ኮክሊያው፣ ወይም ነርቩ ከተጎዳ የነርቭ ችግር ነው። ሕክምናቸው፣ አጣዳፊነታቸውና ተስፋቸው የተለያየ ስለሆነ ይህ ልዩነት በመጀመሪያው ቀን መታወቅ አለበት። የቱኒንግ ፎርክ ቦታው እዚህ ነው፤ እዚህ ላይ በዋጋም በፍጥነትም የሚተካከለው የለም።

የትኛው ፎርክ? የ512 ኸርዙ። የ128ቱ የሚሰማው በጆሮ ሳይሆን በአጥንት እንደ ንዝረት ስለሆነ በሽተኛውን ያሳስተዋል፤ እሱ የእግር ነርቭ ለመመርመር ይሁን። የ1024ቱ ቶሎ ይሞታል። በክርናችሁ ወይም በጉልበታችሁ ምቱት እንጂ በጠረጴዛ ጠርዝ አትምቱት፤ ሌላ ቀጭን ድምፅ ይጨምርበታል።

ኤርንስት ሃይንሪሽ ቬበር በ1834 (እ.ኤ.አ.) የገለጸው ምርመራ ፎርኩን ግንባር መሃል ወይም አናት ላይ አድርጎ "ድምፁ በየት በኩል ይሰማዎታል?" ብሎ መጠየቅ ነው። በመተላለፊያ ችግር ወደ ታመመው ጆሮ፣ በነርቭ ችግር ወደ ደህናው ጆሮ ይሄዳል። ብዙ ሰው በታመመው ጆሮው ሲሰማው ያፍራል፤ "እንዴት በማይሰማኝ ይሰማኛል?" ብሎ መልሱን ይለውጣል። ስለዚህ አስቀድማችሁ "በየትኛውም ሊሰማ ይችላል፤ ስህተት የሚባል መልስ የለም" በሉ። ቬበር በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ያለ ጥቂት ዴሲቤል ልዩነት እንኳ ሊያሳይ ይችላል፣ ግን የበሽተኛው ቃል ላይ የቆመ ነው።

ሃይንሪሽ አዶልፍ ሪኔ በ1855 (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው ደግሞ አየርንና አጥንትን ያነጻጽራል። ፎርኩን ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ አሳርፉ፣ በሌላው እጃችሁ ጭንቅላቱን ደግፉ፣ ፀጉር መሃል አይግባ። ከዚያ ከቀዳዳው ፊት ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ርቀት ላይ የፎርኩ ሁለት ጣቶች ከቀዳዳው ጋር በአንድ መስመር እንዲሆኑ አድርጋችሁ ያዙት። "የቱ ይጎላል፣ ከኋላው ወይስ ከፊቱ?" ከፊት ከጎላ ሪኔ ፖዘቲቭ ነው፤ ጆሮው ጤነኛ ነው ወይም የነርቭ ችግር አለበት። ከኋላ ከጎላ ኔጌቲቭ ነው፤ የመተላለፊያ ችግር አለ። እዚህ "ፖዘቲቭ" ማለት ደህና መሆኑ ሁሉን ሰው ስለሚያደናግር በካርዱ ላይ "አየር ከአጥንት ይበልጣል" ብሎ መጻፍ ይሻላል። ድምፁ ከኋላ እስኪጠፋ ጠብቆ ወደ ፊት ማምጣት የሚባለውን አሮጌ መንገድ ትቼዋለሁ፤ ጉላቱን ማነጻጸር ፈጣን ነው፣ አረጋውያንንም አያደክምም።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ሪኔ ትንሽ የመተላለፊያ ችግር ያመልጠዋል፤ በአየርና በአጥንት መካከል ያለው ልዩነት ወደ 20 ዴሲቤል ካልተጠጋ አይገለበጥም። ሁለተኛው ከባድ ነው። አንድ ጆሮ ሙሉ በሙሉ ሲደነቁር፣ ለምሳሌ በልጅነት ጆሮ ደግፍ ከያዘው በኋላ እንደሚሆነው፣ ከጆሮው ጀርባ ያለውን ንዝረት የራስ ቅሉ ሳይቀንስ ወደ ደህናው ጆሮ ያሻግረዋል። በሽተኛው "ከኋላ ይጎላል" ይላል፤ ሪኔ ኔጌቲቭ ይመስላል፣ እናንተም ነርቩ የሞተውን ጆሮ የመካከለኛ ጆሮ ችግር ብላችሁ ትልካላችሁ። የሚያድናችሁ ቬበር ነው። እውነተኛ የመተላለፊያ ችግር ቢሆን ድምፁ ወደ ታመመው ይሄድ ነበር፤ ወደ ደህናው ከሄደ ጆሮው የሞተ መሆኑን ጠርጥሩ። ሁለቱ ምርመራዎች ሁልጊዜ አብረው የሚሠሩት ለዚህ ነው፤ ሪኔን ብቻውን የሠራ ሰው ባይሠራው ይሻለው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ታምቡሩ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ሪኔ ኔጌቲቭ፣ ቬበርም ወደ ታመመው ጆሮ ከሆነስ? ኦቶስክሌሮሲስን አስቡ፤ ከሦስቱ ትንንሽ አጥንቶች የመጨረሻዋ የደረቀችበት በሽታ ነው። በቀዶ ሕክምናም በመስሚያ መሣሪያም ጥሩ ውጤት ይገኝበታል። ኦቶስኮፕ ብቻውን "ምንም የለም" ብሎ የሚያሰናብተው ዓይነተኛ በሽተኛ ይህ ነው።

ምን ያህል? ኦዲዮግራም

ሹክሹክታ ላይ ለወደቀ፣ በአንድ ጆሮው ብቻ ለቀነሰበት፣ ጆሮው ለሚጮህበት፣ ልጁ በትምህርት ወደ ኋላ ለቀረበት ሁሉ ማረፊያው ኦዲዮግራም ነው። ከ250 እስከ 8000 ኸርዝ ያሉ ንጹሕ ድምፆች በየጆሮው ይሰጣሉ፤ በሽተኛው የሚሰማው ዝቅተኛው መጠን ይመዘገባል። ዜሮ የሚባለው የጤነኛ ወጣት አዋቂዎች አማካይ ነው፣ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ጉድለቱ ይጨምራል። ቀይ ክብ የቀኝ፣ ሰማያዊ መስቀል የግራ ጆሮ ነው። የአየሩና የአጥንቱ መስመሮች አብረው ከወረዱ የነርቭ፣ አጥንቱ ደህና ሆኖ አየሩ ብቻ ከወረደ የመተላለፊያ፣ ሁለቱም ወርደው መካከላቸው ክፍተት ካለ ቅይጥ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመዘኛ፣ በ500፣ 1000፣ 2000 እና 4000 ኸርዝ አማካይ መሠረት፣ በተሻለው ጆሮ ከ20 ዴሲቤል በታች ጤነኛ ነው። ከ20 እስከ 35 ቀላል፣ እስከ 50 መካከለኛ፣ እስከ 65 ከመካከለኛ በላይ፣ እስከ 80 ከባድ፣ እስከ 95 እጅግ ከባድ ይባላል፤ ከዚያ በላይ ሙሉ በሙሉ አለመስማት ነው። ግን አማካዩን ብቻ አታንብቡ፤ ቅርጹን እዩ። 4000 አካባቢ ጎድጉዶ 8000 ላይ የሚነሳ መስመር የጫጫታ ጉዳት ነው። ወደ ቀኝ እየተንሸራተተ የሚወርድ የዕድሜ ነው። የሁለቱ ጆሮዎች መስመር ከተለያየ የመስማት ነርቭ ዕጢ እንዳይኖር ኤምአርአይ ይታሰባል።

ኦዲዮግራም ጸጥ ያለ ክፍል፣ የተስተካከለ መሣሪያና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ጫጫታ ባለበት ክፍል የተሠራ ከሆነ በተለይ ዝቅተኛ ድግግሞሾቹ ላይ የሌለ ጉድለት ይፈጥራል። የቃላት ምርመራ አብሮ ቢሠራ ይመረጣል፤ ቃል መለየቱ ከድምፅ መስማቱ ጋር የማይመጣጠን ሰው የነርቭ ችግር እንዳለበት ይጠቁማል። ጄንታማይሲን፣ አሚካሲን ወይም ሲስፕላቲን ለረዥም ጊዜ ለሚጀምር ሰው ደግሞ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ ይሠራለት። እነዚህ መድኃኒቶች ከፍተኛውን ድግግሞሽ አስቀድመው ስለሚያጠቁ በሽተኛው ልብ ሳይል ወራት ሊያልፉ ይችላሉ።

መናገር ለማይችሉት

"እንዲህ ሳጨበጭብ ዞሯል፤ ይሰማል" የሚለው ፍርድ ብዙ ልጆችን ጎድቷል። ሕፃኑ የሚዞረው ጥላ አይቶ ወይም ነፋሱ ተሰምቶት ሊሆን ይችላል፤ አንድ ጆሮው ብቻ ቢሰማም ይዞራል። ለሕፃን ሁለት መሣሪያዎች አሉ። ዴቪድ ኬምፕ በ1978 (እ.ኤ.አ.) ባገኘው ክስተት ላይ የተመሠረተው ኦቶአኮስቲክ ኢሚሽን የተባለው፣ ኮክሊያው ራሱ የሚመልሰውን ማሚቶ ይለካል። ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል፣ ኤሌክትሮድ አይፈልግም። በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ግን በቀዳዳውና በመካከለኛው ጆሮ ባለ ፈሳሽ የተነሳ ጤነኛ ልጅ ሊወድቅ ይችላል። ሌላው ኤቢአር የሚባለው፣ ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ ድምፁ በነርቩ እስከ አንጎል ግንድ ሲጓዝ የሚፈጥረውን ኤሌክትሪክ ይለካል፤ ጊዜና ዝግጅት ይጠይቃል።

ለጤነኛ አራስ የመጀመሪያው ይበቃል፤ ከወደቀ ኤቢአር ይከተል። ያለጊዜው ለተወለደ፣ ከአምስት ቀን በላይ በጽኑ ሕክምና ክፍል ለቆየ፣ ወይም ደም መቀየር ያስፈለገው ከባድ ቢጫነት ለነበረበት ሕፃን ግን በቀጥታ ኤቢአር ምረጡ። በእነዚህ ልጆች ኮክሊያው ማሚቶ እየመለሰ ነርቩ መልእክቱን የማያደርስበት ሁኔታ ስላለ የመጀመሪያው መሣሪያ "አልፏል" ይላል፤ ልጁ ግን አይሰማም። ግቡ በአንድ ወር ማጣራት፣ በሦስት ወር ምርመራውን መጨረስ፣ በስድስት ወር እርዳታ መጀመር ነው። ከስድስት ወር በኋላ ልጁ ወደ ድምፅ ሲዞር የሚበራ መጫወቻ በሚያሳይ ዘዴ፣ ከሁለት ዓመት ተኩል ጀምሮ ድምፅ በሰማ ቁጥር ኩብ ዕቃ ውስጥ እንዲጥል በማድረግ፣ ከአራት ወይም አምስት ዓመት ወዲያ እንደ አዋቂ ይመረመራል። ወላጅ "ልጄ አይሰማም" ካለች ግን ዕድሜው ስንትም ይሁን፣ ቀድሞ ያለፈበት ወረቀትም ይኑር፣ እንደገና ይመርመር።

ቀጠሮ የማይሰጣቸው

ከማጅራት ገትር የዳነ ልጅ ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት፣ ቢዘገይ በአራት ሳምንት ውስጥ ይመርመር፤ ኮክሊያው ወደ አጥንትነት ሊለወጥ ስለሚችል ጊዜው ካለፈ ሰው ሠራሽ ኮክሊያ መትከል ይከብዳል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሌሊት የማያስተኛ የጆሮ ሕመም ካለውና ቀዳዳው ውስጥ ቀይ ሥጋ ከታየ፣ ኢንፌክሽኑ ወደ አጥንት ዘልቆ ሊሆን ይችላል። ፊት መጣመም፣ ከጆሮ ጀርባ እብጠት፣ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የመጣ አለመስማት የዕለቱ ጉዳዮች ናቸው። አዋቂ ላይ በአንድ ጆሮ ብቻ ከታምቡር ኋላ የማይለቅ ፈሳሽ ካለ ደግሞ ከአፍንጫ ኋላ ያለው ጉሮሮ ይታይ፤ መካከለኛውን ጆሮ ከዚያ ጋር የሚያገናኘውን ቱቦ ዕጢ ዘግቶት ሊሆን ይችላል።

በድንገት ስለሚመጣው የነርቭ ችግር ግን ለየብቻ ልናገር። ትርጉሙ በ72 ሰዓት ውስጥ በሦስት ተከታታይ ድግግሞሾች 30 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ መቀነስ ነው። የስቴሮይድ ሕክምናው የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሲጀመር ነው፣ ባጠረ ቁጥር ይሻላል። በሽተኛው "ድፍን አለብኝ" ነው የሚለው፤ ሰምቶ ጉንፋን ወይም ኩክ ማሰብ ቀላል ነው። ኩክ ካለም ያኔውኑ አውጡት ወይም ቢያንስ ቬበርን ሥሩ። ቬበር ወደ ደህናው ጆሮ ከሄደ ኩኩን ለምክንያትነት አትቀበሉት፤ ኦዲዮግራም በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይሠራ።

ፎርክ በእጃችሁ ባይኖር፣ ወይም ሰውየው ደውሎ "ዛሬ ልምጣ ወይስ ሳምንት?" ቢላችሁ፣ አፉን ዘግቶ "እምምም" እንዲል ጠይቁት። የራሱ ድምፅ የታመመው ጆሮው ውስጥ ከጎላ ችግሩ የመተላለፊያ ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት ቀን ሊጠብቅ ይችላል። በደህናው ጆሮው ከጎላ ዛሬውኑ ይምጣ።